ወንድሜ ወረቀት አለው

«ወንድሜ እንኳን ወረቀት አለው። ማኅተም ያረፈበት።»

ታላቅ እህቱ ይህን የተናገረችው ውጭ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆማ ለጎረቤቷ ነበር። ድምጿን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረገችም። ከመስኮቱ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ወንድሟ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ፣ ምላጩን ከጉንጩ አንድ ጣት አርቆ እንደያዘ ቆሟል። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ሚስቱ አልጋው ላይ የሆስፒታል ቦርሳዋን ታዘጋጃለች፤ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ። ጎረቤቲቱ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ስትል ተሰማ። «ነገ ከፍተው ያዩዋታል። ከዚያ በኋላ እንግዲህ እኔም አፍ አለኝ» አለች እህቱ። ሚስቱ የሌሊት ልብሱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ቀና ብላ ባሏን አላየችውም። እሱም ምላጩን ወደ ጉንጩ መለሰ። በዚህ ቤት ሰው ሲሰደብ ያልሰሙ መምሰል ጨዋነት ተብሎ መቆጠር ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ባልና ሚስት ይተኛሉ፤ በሌላው ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ማታ እህቱ ትተኛበታለች። በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥንና ግድግዳ መካከል አንድ ሜትር ከሩብ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። የገቡ ሰሞን ሚስቱ በልብስ ስፌት ሜትሯ ለክታ «የሕፃን አልጋ እዚህ ልክክ ይላል» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛም ወንበርም እዚያ ያስቀመጠ የለም። መጥረጊያ ብቻ ይቆምበታል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታወቂያህን ይዘህ ናልኝ» አለችው፣ የቦርሳውን ዚፕ እየዘጋች። «የባል ፊርማ ይፈልጋሉ።»

«እመጣለሁ።»

«ሥራ ከበዛብህ ግን…»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

ምን እንደሚደረግላት ያውቃል። አስተኝተው፣ እምብርቷ አጠገብ ቀድደው፣ ካሜራ አስገብተው ማሕፀኗንና የእንቁላል ቱቦዋን ያያሉ። እሷ መቀደዱን አልፈራችም፤ የፈራችው ማደንዘዣውን ነው። ከትናንት ወዲያ ከእንቅልፏ ነቅታ «ወስዶኝ ቢቀርስ?» ብላዋለች። «አታሟርቺ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሊያጽናናት የሚችል አንድ እውነት ነበረው፤ አንድ ብቻ። ያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የእሱ አለመሆኑ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሟ ከሚስቱ ምርመራ በፊት የባልየው ዘር እንዲመረመር አዘዘች። ላቦራቶሪው አንዲት ክዳን ያላት ብልቃጥ ሰጠው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከገላው ሙቀት ሳትርቅ መመለስ አለባት። እሱ ግን ብልቃጧን ይዞ የሄደው ወደ ፀጉር ቤቱ ነው። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባው የአራት ልጆች አባት ስለሆነ «ባለ አራት» ይሉታል። «እዚያ ሰው በሚተራመስበት ቦታ አልሆንልህ አለኝ፤ ወረፋው ደግሞ ሊያልፈኝ ነው» አለው። ባለ አራት ከት ብሎ ሳቀ። «ለጎረቤት ስኳር አበድራለሁ እንጂ ይኼንን እንኳን አበድሬ አላውቅም» አለና ብልቃጧን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ የሌላ ሰው ዘር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ እንዳይበርድበት ክንዱን ገጥሞ፣ አሥር ደቂቃ መንገድ ሄደ። ውጤቱ ግሩም ነበር። ሚስቱ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍና መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ ሁሉ በሕግ የእሷ ሆነ።

ለምን እንዲህ አደረገ? ምክንያቱን ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የትምህርት ቤት ቡድን ኳስ ተጫውቶ ገላውን ሲታጠብ ነው ያወቀው። ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት አላቸው፤ የእሱ አንደኛው ወገን ባዶ ነው። አንዱ ልጅ አይቶ ሳቀ፤ ሌሎቹም ለማየት መጡ። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ልብሱን አውልቆ አያውቅም፤ ሚስቱ ፊትም ቢሆን መብራት ሳያጠፋ አልተኛም። እሷ ዓይን አፋርነት መስሏት ወደደችለት። ሐኪም ጋ ለመሄድ ሃያ አራት ዓመት ጊዜ ነበረው። ጥርሱን ሲያመው በነጋታው ሄዷል። ጆሮው ሲደፈን ሄዷል። ለዚህኛው ግን ወንድ ልጅ ሐኪም አያስፈልገውም፤ ወንድ ልጅ ሐኪም አይፈልግም፤ ወንድ ደህና ነው። ደህና ካልሆነም ደህና ነው። ይህንን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚያከብረው ግን ሠራዊት ነው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሦስት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ ረጅም መስታወትና ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር አለ፤ ፀጉር መቶ፣ ፂም ስልሳ፣ ሁለቱም መቶ ሃምሳ። ወንዶች እዚህ የሚመጡት ለፀጉር ብቻ አይደለም። አንገታቸው ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ እጃቸው ከጨርቁ ሥር ተደብቆ፣ ፊት ለፊታቸው ራሳቸውን እያዩ ያወራሉ። ፀጉር አስተካካዩ በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራው የማን ደመወዝ እንደተቆረጠ፣ የማን ወንድም እንደታሰረ፣ ማን ከማን ሚስት ጋር እንደታየ ሰምቷል። ስለ ገዛ ገላው እውነት የተናገረ ሰው ግን አልገጠመውም። ገላቸውን ካነሱም ለጉራ ነው።

የዛሬው ወሬ ከባለ አራት ወንበር ተነሳ። የተቀመጠው የዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው ያወራል። «ስምንት ዓመት! አንድም ፍሬ የለም። እኔ ብሆን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው የምሸኛት። የማትወልድ ሚስት ይዞ መቀመጥ ማለት እኮ የማይነሳ መኪና ጋቢና ገብቶ መሪ እንደማዞር ነው።»

ሳቁ ከወንበር ወንበር ዞረ። በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ የነበሩት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ጭንቅላታቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በመስታወቱ ውስጥ የመጋዘኑን ሰው እያዩ «መኪና አልነሳም ሲል፣ ልጄ፣ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው» አሉ። «እናንተ ዘላችሁ ሞተሩን ነው የምታወርዱት።»

«አባባ ደግሞ ሴት ደጋፊ ሆኑ!»

«ደጋፊ አይደለሁም። እኔን አይታችሁ ተማሩ ነው የምለው። ፕሮስቴት አብጦብኝ ሦስት ዓመት ሙሉ በሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ እየተነሳሁ ‹ብርድ ነው› ስል ኖርኩ። ለሚስቴ ብርድ ነው፣ ለልጆቼ ብርድ ነው። አንድ ቀን ሽንቴ ጭራሹን ቆመ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ እያለቀስኩ ነው የወሰዱኝ። በዚያ በቀጭኑ ጎማ ሽንቴን ሲለቅቁልኝ፣ አባቴ ይሙት፣ አገር ነፃ የወጣ ነው የመሰለኝ። ሐኪሙ ‹ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበሩ?› አለኝ። ‹መንገድ ላይ› አልኩት።»

«ኧረ አባባ! ሰው ቁርስ በልቶ እኮ ነው የመጣው!» አለ የመጋዘኑ ሰው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጎማዋን ይዘዋት መጥተዋል ወይስ ቤት ትተዋት?» አለ ሌላው ከአግዳሚ ወንበሩ። ሽማግሌው አብረው ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ጀምሮት ተወው። በመስታወቱ ውስጥ ከጀርባቸው የቆመውን ፀጉር አስተካካይ ፈለጉ፤ እሱም እየሳቀ ነበር። ከሌሎቹ ሳያንስ ይስቃል፤ መቀሱን ከጆሯቸው አርቆ፣ ትከሻው እየተነቃነቀ። ሽማግሌው ጨርቁ ሲፈታላቸው አንገታቸውን በመዳፋቸው ጠራርገው፣ ከፍለው ወጡ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወንድ እውነቱን ሲናገር ሰማ፤ እሱም ሳቀበት።

ለምሳ ሲዘጉ ባለ አራትን ወደ ጓዳ ጠራው። ጓዳው ፎጣ የሚሰጣበት፣ ሁለት ሰው ከገባ መዞር የማይቻልበት ቦታ ነው።

«ነገ ሊቀድዷት ነው።»

«ማንን?»

«ሚስቴን። ለምን እንደማትወልድ ሊያዩ።»

ባለ አራት ሳንድዊቹን ከአፉ አወረደ። «ቆይ ቆይ። አንተ እኮ አፍሬ ነው አልከኝ። ደህና ነህ ብዬ ነው የሰጠሁህ።»

«ደህና መሆኔን ማን ነገረህ?»

የፎጣዎቹ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ባለ አራት የሚቀልድበት ነገር ሲፈልግ ዓይኑ ላይ ይታይ ነበር፤ አንድ አገኘ፣ «የእኔዋ ብትሰማ አምስተኛውን ልጅ እናንተ ቤት መጥታ ነው የምትፈልገው» አለ፤ ራሱም አልሳቀበትም። ከዚያ ድምፁን ቀየረ። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ የማውቀው ነገር የለም። ብልቃጥ አላየሁም፣ አልሰጠሁም። ከዚህ ነገር አውጣኝ።» ሳንድዊቹን በወረቀቱ ጠቅልሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ምስጢር ከአንድ ሰው ጋር ተሸክሜዋለሁ ብሎ ያምን ነበር። ብቻውን እንደነበር አሁን ገባው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሚስቱን በእግሮቿ መካከል ቦርሳዋን ይዛ ተቀምጣ አገኛት። ከሥራዋ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው፤ እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። አጠገቧ ሲቀመጥ «መጣህልኝ» አለችው፤ ውለታ የዋለላት ይመስል። ያቺ ቃል ከእህቱ ስድብ ሁሉ ይልቅ አንገበገበችው። ክሩን ሊያነሳላት እጁን ዘረጋ፤ ስማቸው ተጠራና ተወው።

ሐኪሟ ከሃምሳ ዓመት ያለፈች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ፋይሉን እያገላበጠች ለማን እንደሆነ በማይታወቅ ድምፅ አነበበች። «የሆርሞን ምርመራ ደህና። አልትራሳውንድ ደህና። የባል ዘር፣ በጣም ጥሩ፣ በሚሊ ሊትር ሰማንያ ሚሊዮን።» ከዚያ ቅጹን ወደ እሱ ገፋችውና ብዕር ሰጠችው። «ነገ ጠዋት አንደኛ ተራ ነች። ባለቤትዎ የፈረመችው እዚህ ነው፤ እርስዎ ከሥሩ።»

ብዕሩን ያዘ። ስሙን ለመጻፍ የመጀመሪያውን ፊደል ጫፍ ሠራ።

«ዶክተር» አለች ሚስቱ። ፈገግ ብላለች፤ ሰው የሚያስቸግር ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያሳየውን ዓይነት ፈገግታ። «እንደው ምናልባት ከማደንዘዣው ባልነቃ… እሱ ሌላ አግብቶ መውለድ ይችላል አይደል? እሱ እንኳን ደህና ነው አይደል?»

ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። «ምን ዓይነት ንግግር ነው? ትነቂያለሽ።»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው። እትዬም እንዲረጋጉ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወረቀቱ የእኔ አይደለም» አለ።

«ስምዎ አለበት እኮ» አለች ሐኪሟ።

«ስሙ የእኔ ነው። ዘሩ የሌላ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥድፊያ ተናገረው፤ ብልቃጧን፣ ባለ አራትን፣ ባዶውን ወገን። ለሃያ አራት ዓመት የተቆለፈ ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐኪሟ መጀመሪያ አልተቆጣችም፤ ከመጋረጃው ኋላ አስገብታ መረመረችው፣ እጇን ታጥባ ተመለሰች። «የዘር ፍሬ ሳይወርድ መቅረት ይባላል» አለች። «ከመቶ ወንድ ሕፃናት ሦስት ያህሉ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። የብዙዎቹ በወራት ውስጥ በራሱ ይወርዳል። ካልወረደ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በትንሽ ቀዶ ጥገና ይወርድላቸዋል፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በአንዱ ብቻ የሚወልዱ ብዙ ናቸው፤ የማይወልዱም አሉ። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፣ አስመርምረው አያውቁማ! ያልወረደው ደግሞ ዝም ከተባለ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። እሱም መታየት አለበት።» ቁጣው የመጣው አሁን ነው። ቅጹን ከፊቱ ሳበችና ለሁለት ቀደደችው። «ሁለት ዓመት ጤነኛ ሴት ሳንገላታ ኖርኩ። ነገ ደግሞ ላስተኛት ነበር። ለምን? አንድ ጎልማሳ ሱሪውን ለሐኪም ማውለቅ አፍሮ!»

ሚስቱ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደረሰባት። ታለቅሳለች ብሎ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«መብራቱን የምታጠፋው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ያከበርከኝ መስሎኝ።» ቦርሳውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሊቀበላት ሲል ራቅ አለች። «ብትነግረኝ ምን የምልህ መስሎህ ነበር? በል እስቲ። ምን?» ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የፈራው መልስ ምን እንደሆነ ራሱም ጠይቆ አያውቅም። «ቀድመህ ቤት ሂድ» አለችው። «ለእትዬ ንገራቸው። ከእኔ አፍ አይሰሙትም፤ ካንተ አፍ ነው የሚሰሙት። እኔ ዞር ዞር ብዬ ነው የምመጣው።»

እህቱን ካልሲ እየጠቀመች አገኛት፤ የእሱን ካልሲ። እናታቸው ስትሞት እሱ ስምንት ወሩ፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አጥባ፣ አልብሳ፣ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠርታ አሳደገችው፤ ለራሷ ትዳርም ልጅም ሳይኖራት ቀረ። ይህን ውለታ በቃል ነግራው አታውቅም። መናገር አላስፈለጋትም፤ ቤቱ ውስጥ እንደ አየር አለ። ከፊቷ ተቀመጠና ሳያዞር ነገራት። ወረቀቱ ውሸት እንደነበር፣ ነገ ቀዶ ጥገና እንደሌለ፣ ጥፋቱ ከሚስቱ እንዳልሆነ።

መርፌዋን አላቆመችም። «እሷ ናት እንዲህ በል ያለችህ።»

«እሷ ዛሬ ነው የሰማችው።»

«ደግ ነህ። ከልጅነትህ ጀምሮ የሰው ጥፋት ትሸከማለህ። ስለራራህላት ነው።»

«እትዬ፣ አንደኛው አልወረደም። አልተፈጠረልኝም፣ ወይም ውስጥ ቀርቷል። ከተወለድኩ ጀምሮ።»

መርፌው ቆመ። ካልሲው ውስጥ ያስገባችውን እጇን ሳታወጣ ወለሉን አየች። ምን ማለት ነው ብላ ትጠይቀኛለች ብሎ ጠበቀ። ትደነግጣለች ብሎ ጠበቀ።

«አንዱም ይበቃል ብለውኝ ነበር» አለች።

ለትንሽ ጊዜ አልገባውም። ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ በገንዳ ውስጥ ሕፃን ስታጥብ ታየው።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ጎረቤቶች። ክትባት ስወስድህ ነርሷ ‹ሆስፒታል ይታይ፣ ሳይጠና ነው የሚወርደው› ብላኝ ነበር። ሆስፒታል ሄድኩ። ወንድ ሐኪም ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ወንድ… ስለዚያ ነገር… ለወንድ እንዴት ብዬ ልናገር? ‹ሳል ይዞታል› አልኩት። የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘኝ።» ድምጿ ቀጠነ። «ጎረቤቶቹ ሳቁብኝ። አንዱም ይበቃል፣ ሲያድግ ይወርዳል አሉኝ። ወርዷል ብዬ ነው።»

«ወርዷል ብለሽ ነው? እና እሷን ስድስት ዓመት…» አልጨረሰውም። ሊጮህባት ተነስቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እሱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖት ነው ብልቃጧን ለባለ አራት የሰጠው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሷ ግን አልተናገረችውም። ባትናገረውም አልቀለለውም።

ሚስቱ ሲመሽ መጣች። ቦርሳዋን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እህቱ ነው ያየችው።

«ነገረዎት?»

«ነግሮኛል።»

«ምን አሉት ታዲያ?»

እህቱ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ያን አስተያየት ያውቀዋል። ባለ አራት ወሬ በጀመረ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ እሱም የሚያየው እንደዚያ ነበር፤ ዝም በልልኝ። ዝም ለማለት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ‹ደነገጠች› ማለት። ሚስቱ ታምነዋለች፤ ቤቱ ነገ በሰላም ይነጋል።

«ራሷ ትንገርሽ» አለ።

በሁለቱ ሴቶች መካከል አልፎ ወጣና በሩን ከኋላው ሳብ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቲቱ ልብሷን ከገመድ እየለቀመች «ምነው ውጭ? አልበረደህም?» አለችው። «አልበረደኝም» አላት። ማንም አልጠራውም። ኋላ ከውስጥ የእህቱ ድምፅ ተጀመረ፤ ዝቅ ያለ፣ ቃሉ የማይለይ። አንድ ጊዜ ተሰበረ። እሱ ጠበቀ። ድምፁ ቀጠለ።